የተሸፈነው ዓይን

ጎሬ ላይ የያዙኝ ክረምት ሲገባ ነው። ጥፋቴ፣ ከገዢው የተጣሉት የጌታዬ አሽከር መሆኔ ነበር። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበርና የሻገተ ገለባ ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አየሁ። እግሬን ከእግራቸው ጋር በአንድ ሰንሰለት አቆራኙን። እሳቸው ባሳሉ ቁጥር የኔ ቁርጭምጭሚት ይሳባል።

ሠዓሊ ናቸው። ጌታዬ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ጌታዬን ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተንበርክከው ሥለዋቸዋል፤ ፊታቸው ወደ ሰው፣ ሁለት ዓይናቸው ተገልጦ። መቼም ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን ፊቱ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የታወቀ ነው። ጌታዬ ሲወድቁ፣ «ፊቱን አዙረው፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል» የሚል ትእዛዝ ከገዢው መጣ። ሠዓሊው እምቢ አሉ።

ዘበኛው ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ያሾፋል።

«እህሳ አለቃ፣ ዛሬስ? አንዲት ዓይን መደምሰስ እኮ ናት! እኔ ብሆን ሁለቱንም አጠፋለት ነበር።»

«አንተማ እንኳን ብሩሽ አልያዝክ።»

ይስቃል። አንድ ቀን ግን ሳይስቅ ገባ። «ዓይኑን ካላጠፉ ነገ ወደ ባሮ ቆላ ያወርዱዎታል» አለ። ወባው አይምርም፤ ከዚያ የተመለሰ እስረኛ አናውቅም።

ለመንኳቸው። «አለቃ፣ ቀለም ነው እኮ። ያዙሩትና ይውጡ። ጌታዬም አይቀየሙም።»

«በክፉ ቀን ጎተራቸውን ለድሃ ሲከፍቱ አይቻለሁ፣ ልጄ። ያንን በምን ላጥፋው?»

በማግስቱ ዘበኛው ሰንሰለታችንን ሊፈታ በርከክ አለ። ከፈታም በኋላ አልተነሣም። «እኔንስ በስንት ዓይን ይሥሉኛል?» አለ። የቀልድ ድምፅ አልነበረም።

አለቃ ከደጃፉ ማንደጃ ጥቁር ከሰል አነሡ። «ቁም። ወደ እኔ እይ።» ሊወስዷቸው የመጡት ወታደሮች ዝናብ ላይ እየጠበቁ፣ እሳቸው ሳይቸኩሉ ፊቱን ግድግዳው ላይ አወጡት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን። ዘበኛው ቡሉኮውን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው፤ በአገሩ አፍ «ነጋቲ» ብሎ ተሰናበታቸው። ከዚያ ወዲያ ምግብ ሲያስገባልኝ ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቶ ነበር።

አለቃ አልተመለሱም። እኔ ገዢው ሲሻር ተፈታሁ።

የጌታዬን ፊት ሌላ ሠዓሊ አዙሮታል። ሆኖም ነሐሴ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲረጥብ፣ ያ የተሸፈነው ዓይን ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። ቄሰ ገበዙ «ሻጋታ ነው» ይላሉ። እኔም አልከራከርም። ነጠላዬን አስተካክዬ ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። ያኔ ቁርጭምጭሚቴን የሆነ ነገር ሳብ ያደርገዋል፤ አለቃ ያሳሉ መስሎኝ ዞር እላለሁ።