ወረፋ የያዘው ኮምፒውተር

ዋፊቃ ማውሱን የምትይዘው በሶፍት ነው። አምስት ሰው ብርቱካን እየላጠ፣ ጫት እየቃመ የሚነካካው ማውስ ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ቢሮ ትራንዚተር ናት፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ታስለቅቃለች። ስድስት ዓመት ሠርታ የቢሮውን ብቸኛ ኮምፒውተር አልለመደችውም።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ሾፌሩ ጉቱ ከወደቡ ደወለ። የጫነው ለአዳማ ዶሮ አርቢዎች የመጣ ክትባት ነው፤ የኮንቴይነሩ ማቀዝቀዣ ጠዋት ቆሟል።

"እስከ ዘጠኝ ካልወጣሁ የማደርሰው ክትባት ሳይሆን የሞቀ ውሃ ነው" አላት።

የቀራት አንድ የጉምሩክ ገጽ ሞልቶ መላክ ነበር። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ብራውዘሩ ሳይዘጋ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው፤ ከላይ የተደረደሩትን ገጾች ቆጠረች። ሰባ አንድ።

አብዛኞቹ የመርዳሳ ናቸው። የቢሮው አንጋፋ መርዳሳ የጉምሩክን ገጽ ከፍቶ ከተወ ወረፋ የተያዘለት ይመስለዋል፤ ቦኖ ላይ ጀሪካን አስቀምጦ እንደ መሄድ። ሌሎቹም ከእሱ ተማሩ።

ልትዘጋ ስትል መርዳሳ ወንበሩን ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። "ወረፋዬን እንዳትጥይብኝ።"

"ጋሽ መርዳሳ፣ ይሄ ቦኖ አይደለም። ተራ የሚያገኘው ፋይሉን ቀድሞ የላከ ነው። እርስዎ የያዙት ኮምፒውተሩን ብቻ ነው።"

የተከፈተ ገጽ ባያዩትም ከውስጥ እንደሚሠራ፣ ራሱን እያደሰ ሜሞሪ እንደሚበላ፣ የበላውንም ቶሎ እንደማይለቅ፣ ሲሞላ ማሽኑ እንደሚንፏቀቅ ነገረችው። ዘግቶ መክፈት ይበቃል አለችው። ከንፈሩ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምራቅ ደርቋል። ሥራ አስኪያጁ ይፍረዱን ብሎ ከወንበሩ አልነሣም አለ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቃዱ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ስልክ አያነሱም። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ገቡና "ተስማሙ" አሉ።

ዋፊቃ ሶኬቱን ነቀለች። መልሳ ስትሰካው ብራውዘሩ የነበሩትን ገጾች ልመልስ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አይሆንም አለችው። የጉምሩኩ ገጽ ወዲያው ተከፈተ። ሞልታ ላከች። መልቀቂያው ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ።

ጉቱ ደወለ። "ሞቋል። የት ልድፋው?"

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች፦ "የሰው ገጽ መዝጋት በጥብቅ ክልክል ነው።" ከሥሩ የአቶ ፈቃዱ ፊርማ አለ። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ተከፍቷል።

ወረቀቱን ላጠችውና ማውሱን ጠረገችበት።