ቦላ የምትባል ጫጩት

እኔ ሲግርጌር በሄይማይ ደሴት አለ የተባልኩ የሉንዲ አዳኝ ነበርኩ። "ነበርኩ" የምለው እያፈርኩ ነው። ሉንዲ ገደል አፋፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ የምትፈለፍል፣ ምንቃረ ቀይ የባሕር ወፍ ናት። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ መረብ ከአየር ላይ ቀልበን፣ በጭስ አብስለን እንበላታለን። አባቴም አያቴም እንዲሁ ኖረው እንዲሁ ሞቱ። አንዳቸውም ለወፍ ስም አውጥተው አያውቁም።

መዘዙ የመጣው ጉልበቴን አሞኝ ቤት የዋልኩ ጊዜ ነው። የወፍ አጥኚዎች ገደሉ ላይ ሁለት ካሜራ ተክለዋል፤ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላው ደጁ ላይ። የሚሆነው ሁሉ በዚያው ቅጽበት በኢንተርኔት ይታያል። መጀመሪያ የከፈትኩት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነው፤ ለሚስቴ ለሃልቤራም ያልኳት ይህንኑ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ግን አንዲት ድቡልቡል ጫጩት ዓሣ በጎኑ ይዛ ልትውጥ ትታገላለች። "በራሱ በኩል፣ የኔ እናት፣ በራሱ በኩል" አልኳት። ነፋሱን እዚያው ረሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ ቦላ ብዬ ጠራኋት፤ በእኛ አገር ክብ ዳቦ ማለት ነው። ሃልቤራ አጠገቤ ሹራብ እየሠራች ታየኛለች።

"ዛሬስ ነፋሱ በላ?" ትለኛለች።

"ሦስት ዓሣ" እላለሁ ሳላስበው።

"ገደሉ እኮ እዚህ ነው። ለምን ሄደህ በዓይንህ አታያትም?"

"እዚያማ የሚታየው አፈር ነው። ደግሞ ለወንድምሽ እንዳትነግሪው።"

ወንድሟ አስግሪሙር የአደን ጓደኛዬ ነው፤ ምላሱ ከመረቡ ይረዝማል። በየዓመቱ ቤተሰብ ሁሉ ድንኳን ተክሎ በሚያከብረው የድንኳን በዓል፣ በቤተሰባችን ድንኳን ውስጥ የክብሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያዋን ወፍ በእጁ የሚገነጥለው፣ ከአዳኞቻችን ታላቁ ነው። እሱ ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም። አማቴ ከሞቱ ወዲህ ያ ወንበር የእኔ ነው፤ አስግሪሙርም ዓይኑን ከጣለበት ቆይቷል። በዚህ ደሴት ሌላ ማዕረግ የለኝም። ለወፍ ጫጩት አንጀቴ እንደሚላወስ ከታወቀ፣ እሱንም ማጣቴ ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ቦላ ክንፏን ልታፍታታ ወደ ደጅ ብቅ አለች። ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ ጫጩት እንዳለች የሚውጥ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነ ትልቅ ነጣቂ ወፍ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል። የለበስኩት የሱፍ የውስጥ ሱሪ ብቻ ነበር። ዘንጌን በመኪናው መስኮት አውጥቼ በረርኩ። ጉልበቴም መታመሙን ረሳው። ገደሉ ላይ መረቡን እያሽከረከርኩ "ጥፋ ከዚህ፣ አንተ ሌባ!" ስል ነጣቂው ተነሥቶ ሄደ። ቦላ ወደ ውስጥ ሸሸች። ተንበርክኬ አፌን ወደ ጉድጓዱ አስጠጋሁና "አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ አባባ አለልሽ" አልኳት።

ቀና ስል ከካሜራው ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዚያ ዓመት ጉድ እኔ ሆንኩ። አስግሪሙር የሚሠራበት የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች ሻይ ቤታቸው ውስጥ የዚያን ካሜራ ምስል ከፍተው ነው የሚውሉት። ድምፁ ሳይቀር።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አስግሪሙር በጭስ የበሰለችውን ወፍ በሳህን ፊቴ አስቀመጠ።

"አባባ፣ እስቲ ገንጥልልን" አለኝ።

አልዋሽም፣ ሽታው ምራቄን አስዋጠኝ። እጄን ሰደድኩ፤ እጄ ግን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀረ።

"ይህቺ ከየትኛው ጉድጓድ ናት?" አልኩ።

"አትጨነቅ፣ ከሰሜን የተገዛች ናት። አታውቃትም።"

"ሰሜኖችም እኮ ካሜራ አላቸው።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ከወንበሬ ተነሣሁና ለአስግሪሙር ለቀቅኩለት። እሱም እንባውን እየጠረገ ተቀመጠና ወፏን አነሣ። አገላብጦ አያት። ደረቷን አያት። ከዚያ መልሶ አስቀመጣትና እጁን በመሐረብ ጠረገ።

"ዛሬ ጠዋት ድንኳኑን ስተክል ስለነበርኩ አላየሁም" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በላች?"

ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም።

"አራት ዓሣ" አለች ሃልቤራ፣ ዓይኗን ከሹራቧ ሳታነሣ። "አንዱን በጎኑ ይዛው ነበር፤ በኋላ በራሱ በኩል አዞረችው።"

ወፏን የገነጠለ ሳይኖር ቀረ፤ ደንብ ደንብ ነውና ሌላውም አልቀመሳት። ከጎረቤት ድንኳን በግ ለምነን በላን። ለበጎቹ እስካሁን ካሜራ የተከለላቸው የለም።