ሶፋ ላይ የሚነዳ ሾፌር

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። አዎ፣ በላይነሽ ቁጡ ናት! የምቆጣውም ካልተቆጡ የማይሆን ቤት ስላለ ነው። ያ ቤት አስኮ ያለው የታላቅ ወንድሜ የመገርሳ ቤት ነው። እኔ የምኖረው ሳንሱሲ ነው፤ ታክሲ ከተገኘ በታክሲ፣ ካልተገኘም በእግሬ፣ ጠዋት ጠዋት ሄጄ አየዋለሁ። ስሄድ ደህና ሆኜ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ቆሽቴ አርሮ ነው።

ጋሼ መገርሳ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ተሳቢ እየጎተተ ያልሄደበት አገር የለም፤ ነቀምቴ በለው፣ ጊምቢ በለው፣ አባይ በረሃን ወርዶ ጎጃም በለው። ሰው ስለ ወንድሙ ሲያወራ «ደግ ነው፣ አዛኝ ነው» ይላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መገርሳ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ሰው ቀርቶ ዶሮ! ቤቱ ሲገባ እግሩን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ልጆቹ ያደጉት አባታቸውን በበዓል በበዓል እያዩ ነው። ጡረታ ወጥቶ ገና አረፍኩ ሲል ደግሞ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ ምላሱም ተሳሰረ። ጭንቅላቱ ግን ምንም አልሆነም። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። ቃሉ ብቻ ነው ዳገት እንደሚወጣ ተሳቢ እያቃሰተ የሚመጣው።

ይህን ለሰው ማስረዳት አቃተኝ እኮ! ጠያቂ ይመጣል፣ ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ዞሮ የጋሼን ሚስት ዋጋነሽን «ለመሆኑ ይሰማሉ?» ይላታል። ሰውየው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ! ሌላው ደግሞ ጎንበስ ብሎ «ጋሽ መገርሳ! አወቁኝ ወይ!» እያለ ይጮኽበታል። የታመመው ምላሱ፣ የሚጮኸው ጆሮው ላይ! ኧረ ጉድ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ያመጣው የበኩር ልጁ ኤባ ነው። ኤባ ትዳር ይዞ ዓለም ባንክ ነው የሚኖረው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። የኮምፒውተሩን ሳጥን ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስገባና በገመድ ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘው። ገመድ የሌለው ኪቦርድ ደግሞ ሶፋው ላይ አኖረ። ፊልሙን፣ ኳሱን፣ መዝሙሩን ሁሉ ሞላበት። «ሳሎናችን ሲኒማ ቤት ሆነ!» ተባለ። ድንቄም ሲኒማ ቤት! የመጣው ሁሉ የራሱን ከፍቶ ያያል እንጂ ያን ሶፋ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ ማንም አላሰበም።

አንድ ቅዳሜ ኤባ ኮምፒውተሩን ሲነካካ አንድ ቪዲዮ ተከፈተ። አንዱ የመኪናው መስታወት ላይ ካሜራ ገጥሞ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ሲነዳ የቀረጸው ነው። ወሬ የለበት፣ ሙዚቃ የለበት፤ መንገድ ብቻ። ኤባ «ይሄ ደግሞ ምንድነው» ብሎ ሊዘጋው ሲል ጋሼ ግራ እጁን ዘረጋ። ተወው ማለቱ ነው። መኪናው ሆለታን አለፈ። ከዚያ አንድ ኩርባ ላይ ሾፌሩ ሲፈጥን ወንድሜ «ሱታ!» አለ።

ሱታ በልጅነታችን ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ በል ማለት ነው። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ጥርት ያለ ቃል ከአፉ አልሰማንም። ግራ እግሩ የፍሪሲዮን ፔዳል ፍለጋ ምንጣፉን ይጫናል፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ተተክሏል። ዋጋነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኤባ በቢሮው ዋይፋይ የመንገድ ቪዲዮ እያወረደ ያመጣለት ጀመር። ጋሼ ኪቦርዱን በግራ እጁ ለመደው፤ ቀስ እያለ የሚፈልገውን መንገድ ራሱ ይከፍታል። ቁርስ ከተበላ በኋላ ይነዳል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ረዳት ነኝ። «ዛሬ ወዴት ነን ጋሼ?» እለዋለሁ። «አም…ቦ» ይለኛል። እሱ መሪውን ይዟል፣ እኔ በግራ በቀኝ አያለሁ። ሾፌሩ ዳገት ላይ ደርቦ ሊያልፍ ሲሞክር ደግሞ «ደደብ!» ይላል፣ ጥርት አድርጎ። ስድብ ላይ ምላሱ አይታሰርም፤ ወንድሜ ነዋ!

እንግዲህ ይህቺን ነው ሊቀሙት የተነሱት። ከመላው ዓለም የቀረችውን አንዲት መንገድ።

ዋጋነሽን አላማም። ቤቷን የምትወድ ሴት ናት፤ ኪሮሽ ከእጇ አይለይም። ሶፋው ዳንቴል፣ ቡፌው ዳንቴል፣ ፍሪጁ ዳንቴል፤ ሪሞቱ ሳይቀር በላስቲክ ተጠቅልሏል። የአስኮ አቧራ ደግሞ እንኳን በር ተከፍቶለት ተዘግቶበትም ይገባል። ስለዚህ ለኮምፒውተሩም ተራው ደረሰው፤ መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከላዩ ደግሞ ቀድሞ የሠራችውን ሰፊ ነጭ ዳንቴል ዙሪያውን አለበሰችው። ያየው ጎረቤት ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ መሐል መንገድ ላይ ድርግም ማለት ጀመረ። ጉደርን ሳንሻገር ድርግም! በመጀመሪያ መብራት ነው ተባለ፤ አምፖሉ ግን በርቶ ያየናል። ከዚያ ኤባ መጥቶ ኪቦርዱን አገላብጦ አየና ፈረደ።

«አባባ ነው» አለ ለእናቱ። «የማይነካ ነገር እየነካ ነው። እጁ ልክ አይደለም እኮ ማሚ።»

ጋሼ ወደ ቡፌው አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዋጋነሽን አየና መልሶ ዘጋው። ኤባ ኪቦርዱን አንስቶ ቡፌው አናት ላይ ሰቀለው፣ መድኃኒት ከሕፃን እጅ እንደሚሰቀለው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! በነጋታው ስመጣ ወንድሜ የጠፋ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጧል። «ዛሬ ወዴት ነን?» አልኩት እንደልማዴ። ፊቱን አዞረ። ምሳም አልበላም።

እሁድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ስል ኤባ ታክሲ ደጅ አቁሞ፣ ካርቶን ይዞ ሳሎን መሐል ቆሟል።

«ምንድነው ካርቶኑ?» አልኩ።

«ኮምፒውተሩን ልወስደው ነው አክስቴ። እዚህ ያለ ሥራ ከሚበላሽ ልጆቼ ይጠቀሙበት። ደግሞ አባባን ደሙን ከፍ ያደርግበታል፤ ሲሳደብ አላየሽም?»

«እውነቱን ነው» አለች ዋጋነሽ። «አሁን አሁን ሲጠፋበት ይበሳጫል። ባይኖር ይሻለዋል።»

ይሻለዋል! ይበሳጫል! ያደርግበታል! ይህን ሁሉ የሚሉት እሱ መሐላቸው ተቀምጦ ነው። ደሜ ፈላ።

«ስሙ!» አልኩ። «የሞተ ሰው ዕቃ ነው የምትከፋፈሉት? ይሄ ሰውዬ የማንን መኪና ነው የገለበጠው? የስንቱን ንብረት ጫፉ ሳይነካ ያደረሰ ሾፌር ዛሬ አንድ ቁልፍ መጫን አቃተው? ና ኤባ፣ ክፈተው! እዚሁ ፊቴ ክፈተው!»

«አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ…»

«ክፈተው አልኩህ!»

ኤባ ተንፍሶ ኪቦርዱን አወረደ። የነቀምቴን መንገድ ከፈተና ኪቦርዱን ለኔ ሰጠኝ፤ ከሶፋው ራቅ አድርጌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ የጋሼን ግራ እጅ በሁለት እጄ ጥፍንግ አድርጌ ያዝኩ። «ይኸው እጁ!» አልኩ። «ሁላችሁም እዩት።»

ቁጭ ብለን ነዳን። ደጅ ያለው ታክሲ በየመሐሉ ክላክስ ነፋ፤ ይንፋ፣ የመቆያውን ኤባ ይከፍላል። ሆለታ አለፈ፣ ጊንጪ አለፈ። አምቦ ገብተን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ዛፎች መሐል ስንደርስ ስክሪኑ ድርግም አለ። የወንድሜ እጅ እጄ ውስጥ ነበር።

ኤባ ቡፌው ሥር ተንበረከከና እጁን ዳንቴሉ ሥር አስገባ። «ውይ!» ብሎ መለሰው። «ካውያ ሆኗል እኮ! ማነው እንዲህ ጠቅልሎ የሸፈነው? መተንፈሻው በሙሉ ተደፍኗል፤ እንዲህ ግሎ እንዴት አይጠፋም?»

ዋጋነሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ… አቧራ እንዳይገባበት ብዬ…»

«አው…ቃለሁ» አለ ጋሼ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። ከሳጥኑ አጠገብ የሚውለው እሱ ነው፤ የጋለው ላስቲክ ቀን በቀን ይሸተው ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለች ዋጋነሽ፣ እንባዋ መጣ። «አንተ ላይ ሲፈረድ ለምን ዝም አልክ?»

የጋሼ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጠበቅነው። «ሆስፒ…ታል» አለ። «አልጋዬ… ጎን… ሠራሽው።»

ለካ ያን ዳንቴል የሠራችው እሱ ሆስፒታል ተኝቶ በሕይወትና በሞት መካከል ሲሆን ነው። እጇ ሥራ ሲያጣ ከአልጋው ጎን ተቀምጣ ስትጠልፍ ውላ ታድራለች፤ እሱ መናገር ባይችልም ያያታል። ታዲያ ያን ዳንቴል «አንሺው» ከሚላት፣ አበላሸ ተብሎ ኪቦርዱን መቀማት መረጠ። መንገዱን ሊያጣ፣ ዝም! ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ነው። «አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «በሚስት ፍቅር ደግሞ እንዲህ ዓይነት ግትርነት አለ?» ዋጋነሽ ሄዳ አንገቱን አቀፈችው። እኔ መሳደቤን አላቋረጥኩም፤ ባቋርጥ ማልቀሴ ነው።

ኤባ ካርቶኑን እያጣጠፈ ወደኔ ጠጋ አለ። «በቃ አክስቴ፣ ይቅርታ ብሏል በይልኝ» አለኝ በዝግታ።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ? አባትህ እኮ ያ ነው! አንተስ አፍ የለህም?»

ልጁ ቀላ። ሄዶ አባቱ ፊት በርከክ አለ። «አባባ፣ ይቅርታ። አጥፍቻለሁ።»

ጋሼ ፊቱን ትክ ብሎ አየው። ቃሉ ከሩቅ እንደሚመጣ አወቅን፤ ማንም አልጨረሰለትም።

«እኔን… ጠይቀኝ» አለ።

ኤባ አቀረቀረ። አባቱ ከታመመ ጀምሮ ይህ ልጅ ስልክ እየደወለ «በላ? ተኛ? ተሻለው?» ያላለበት ቀን የለም፤ የሚለው ግን ለእናቱና ለኔ ነው። ለእሱ አንድም ጊዜ ብሎት አያውቅም።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩን ልውሰደው ወይስ ይቀመጥ?»

ጋሼ አልቸኮለም። ልጁ እንደተንበረከከ፣ ሚስቱ እንደቆመች፣ እኔም እንደተናደድኩ፣ ሁላችንንም አስጠበቀን። ደጅ ታክሲው ደግሞ ክላክሱን ነፋ።

«ይቀመጥ» አለ። ቆየት ብሎም፣ «አን…ተም ተቀመጥ» አለው።

ኤባ ወጥቶ ታክሲውን አሰናበተና ተመልሶ ከአባቱ ጎን ቁጭ አለ።