ዝናብ ያልነካው ጃንጥላ

በሐምሌ ወደ ጉና መውጣት ደመና ውስጥ ገብቶ እንደ መዋኘት ነው። እዚያ እንኳን ሰው፣ ውርጩ ራሱ ይበርደዋል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ከደብረ ታቦር ስነሳ ሙሽራ መስዬ ነበር። ባለሾፌር መኪና በኮንትራት ይዣለሁ፣ ያውም ላንድክሩዘር! ዕድሜዬን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ የኖርኩ ሰው፣ ከኋላ ወንበር ብቻዬን ተንሰራፍቼ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤት ሁሉ እንዲያየኝ ሾፌሩን በሰፈራችን ሦስት ጊዜ አዞርኩት። በሦስተኛው ዙር የሰፈሩ ውሻ እንኳ መጮኹን ትቶ ቆሞ አሳለፈን።

የዕለቱ የክብር እንግዳ ግን እኔ አልነበርኩም። ጋቢና የተቀመጡት አክስቴም አልነበሩም። ጃንጥላ ነበር።

አክስቴ የሐሙሲት ሰው ናቸው። ለዓመታት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ዓይናቸው እኔ ነበርኩ። በእኔ አፍ የገበያው በሬ ሁሉ ዝሆን ያክል ነበር፤ የባሕር ዳር ሚኒባስ ሰባ ሰው ይጭን ነበር፤ እኔም መልከ መልካም ነበርኩ። በኋላ አክስቴ ለተራራው ገብርኤል ተሳሉ፦ «ብርሃኔን ብትመልስልኝ፣ በንግሥህ ቀን ለታቦትህ ጃንጥላ አገባለሁ፤ ሲዘረጋም በገዛ ዓይኔ አያለሁ።» ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈላቸው። ሻሹ ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ትክ ብለው አዩኝና «አየ! ለካስ እንዲህ ነህ?» አሉ።

ስለቱ ታዲያ ሕግ አለው። ጃንጥላው ከታቦቱ በፊት ለማንም አይዘረጋም። ታቦቱ ከመውጣቱ በፊትም መድረስ አለበት። ካመለጠ ለከርሞ ነው፤ «ለከርሞ ደግሞ ማን አለ፣ ማን የለም» ይላሉ አክስቴ። እንግዲህ እኔና መኪናዬ የተያዝነው ለዚህ ነው።

የጃንጥላው ዘንግ ርዝመቱ ጉድ ነው። ከፊተኛው መስታወት ተነስቶ፣ በሾፌሩና በአክስቴ መካከል አልፎ፣ ጫፉ የእኔ ጆሮ ውስጥ ያልቃል። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ኮትና ከረባት አድርጎ መጥቷል። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጃንጥላውን ይቅርታ ይጠይቃል።

«ትንሽ ገፋ ቢያደርጉልኝ እናቴ፣ ሦስተኛ ማርሽ የት እንዳለ ጠፋኝ።»

«የገብርኤል ነው ልጀ፣ አይገፋም። በሁለተኛ ሂድ።»

በሁለተኛ ሄድን።

ክምር ድንጋይን አልፈን ወደ ተራራው በሚወስደው የጠጠር መንገድ ስንታጠፍ፣ ዓለም ሁሉ እዚያ ነበር። ሰው እንደ ጆንያ የተደራረበበት አይሱዙ፣ በባጃጅ የሚያቃስቱ ዲያቆናት፣ በበቅሎ የሚወጡ ቄስ፣ ነጠላውን አናቱ ላይ የጠመጠመ እግረኛ።

«እትየ፣ ሚሊዮን ሰው ነው!»

አክስቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ቃኙ። «ሚሊዮን? ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው። ያንተን ሚሊዮን የማምነው ድሮ ነው።»

ይኸን ሳይጨርሱ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ! የመኪናው ጣሪያ እንደ ከበሮ ተመታ።

«የዶሮ እንቁላል ያክላል!» አልኩ።

«ሽምብራ ነው» አሉ አክስቴ።

እንቁላልም ሆነ ሽምብራ፣ መንገዱን ወደ ገንፎ ለወጠው። ላንድክሩዘሬ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እስክስታ ወረደና የኋላ እግሩን ጭቃ ውስጥ ተክሎ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ውስጥ እውነተኛው ከበሮ ተሰማ።

«ሊወጣ ነው!» አሉ አክስቴ። የዚያን ጊዜ ቀልዴን ትቼ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። በአጠገባችን የሚያልፈው አይሱዙ ላይ ያሉት ሰዎች አላለፉኝም፦

«ባለመኪናው! አንተን እንጫንህ ወይስ መኪናህን?»

መልስ ልሰጥ ቀና ስል መነጽሬ ከአፍንጫዬ ወልቆ ጎማው ሥር ገባ። ወደ ፊት ንቅንቅ አልል ያለው መኪና ለዚህ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና ደፈጠጠው። ከዚያ በኋላ ለእኔ ዓለም ውሃ የፈሰሰበት ሥዕል ሆነች።

«በእግር!» አሉ አክስቴ። ሾፌሩ ቆልፎ ተከተለን። «እኔ እስከ ደጁ ላደርሳችሁ ነው የተዋዋልኩት» ብሎ ኮቱን አወለቀና ጃንጥላውን ጠቀለለበት። እንዲህ ሆነን ወጣን፤ ሦስት ጎልማሳና አዛውንት፣ አንድ ምሰሶ የሚያህል ድባብ ጃንጥላ ተሸክመን፣ እንደ ቅቤ ቅል ከራስ እስከ እግር እየተንጠባጠብን።

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለ ከኋላችን አንድ የከተማ ወጣት። «ጃንጥላ ይዛችሁ ትበሰብሳላችሁ?»

«ዝም በል አንተ፣ ስለት ነው» አሉት የሣር ገሳ የደረቡ ሽማግሌ ገበሬ። ከዚያ ቀረቡና ገሳቸውን አወለቁ። ለአክስቴ መስሎኝ እያመሰገንኩ እጄን ስዘረጋ፣ እሳቸው አክስቴን አልፈው ጃንጥላውን አለበሱት።

«ሰው ማለት እንዲህ ነው! እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አክስቴ፣ ውሃው ከአፍንጫቸው እየወረደ።

ዳገቱ ላይ እጄን ያዙኝ። «ድንጋይ አለ፣ እግርህን አንሳ። ጉድጓድ ነው፣ ተራመድ።» ስንት ዓመት እኔ ለሳቸው ያልኩት ቃል ነው። ልዩነቱ፣ እሳቸው ድንጋይ አለ ሲሉ ድንጋይ አለ።

ቅጥሩ ውስጥ ስንገባ የቤተ ክርስቲያኑ በር ሊከፈት ሰዉ ወዲያና ወዲህ መንገድ ይለቅ ነበር። አክስቴ ነጠላ ለባሹን በክርናቸው እየከፈሉ ከአንድ ካህን ፊት ደረሱ። ካህኑ እጃቸውን ከገሳውና ከኮቱ ሥር ሰደው ጨርቁን ዳሰሱ።

«የበሰበሳችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ፣ እሱስ እንደ ገብስ ቆሎ ደረቅ ነው» አሉና ይዘውት ገቡ።

ወዲያው እልልታው ፈነዳ። ታቦቱ ወጣ። ለእኔ የሚታየኝ ቀይና ሰማያዊ ነገር ሲንሳፈፍ ብቻ ነው፤ የማን ጃንጥላ የት እንዳለ አላውቅም። አክስቴ በእግር ጣታቸው ቆመው አንጋጠጡ።

«እትየ፣ ተዘረጋ?»

«ተዘረጋ ልጀ።» እጄን ጨበጡ። «ቀዩ። ልክ ከታቦቱ በላይ። ዘርፉ ወርቅ ነው፤ ብርሃኑ ደብረ ታቦር ድረስ ያበራል። ሌሎቹ ጃንጥላዎች ሁሉ ጎንበስ ብለውለታል።»

ዘርፉን ከገበያ አብሬ መርጬዋለሁ፤ ቢጫ ክር ነው።

«ሰዉስ?» አልኩ።

«ሚሊዮን!»

«ሚሊዮን?»

«አንተ ደግሞ ምን ይታይሃልና ትከራከራለህ? ዝም ብለህ እልል በል።»

እልል አልኩ። ሾፌሩም ከረባቱን እየጨመቀ እልል አለ።