የወፎቹ ወጪት

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍተው ሙሉ ናት፤ ከአጥሬ ማዶ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተችው የእትዬ የሻረግ ልጅ። ሰላምታውን አሳጥራ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ፎቶ ነው። ድንቢጦች ወይራዬ ላይ፣ ዋኔዎች አጥሬ ላይ፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው ቢጫና ሰማያዊ ወፎች ወጪቴ ላይ። እንግዶቿ ቁርሳቸውን ትተው የእኔን ግቢ ሲያዩ እንደሚያረፍዱ ነገረችኝና፣ ወፍ የሚጠራበትን ዘዴ ለእሷም እንዳሳያት እየሳቀች ለመነችኝ።

ዘዴ! ጉድ በል ጎንደር! ልጅቱ ምን ታድርግ፣ አታውቅም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ ወይራ ሥር፣ በዚሁ ወፍ በማብላት ሰበብ መተተኛ ተብያለሁ። ያለችኝም ሌላ ሰው አይደለችም፤ የእሷው እናት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ እንጂ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ካለኝ ቆይቷል። ሙሉን ነገ እመጣለሁ ብዬ ሸኘኋትና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለወፎቹ የዘገንኩት ኑግ እጄ ላይ እንዳለ ነበር።

ያኔ ከትክል ድንጋይ ገጠር ለትምህርት ጎንደር የመጣሁ ኮረዳ ነበርኩ። ያረፍኩት በአባቴ እኅት በአክስቴ በትርንጎ ቤት ነው፤ ዛሬ የምኖርበት ይኸው ቤት። አባቴ የላከኝ በስንት ልመና ነው፤ እሱንም በማስጠንቀቂያ። ስለ እኔ አንዲት ክፉ ወሬ ከሰማ ወዲያው እንደሚመልሰኝ፣ ለጋብቻ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳለም ነግሮኛል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ከብቱ የበዛ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአባቴ በዕድሜ እምብዛም የማያንስ ነበር። ስለዚህ በከተማው ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። ትምህርቴ እንዲቀር አንዲት ወሬ ትበቃ ነበር።

ትርንጎ ልጅ አልወለደችም። ቅዳሜ ገበያ ኑግ ትሸጣለች። ኑግ የጾም ዘይት ነውና የነቢያት ጾም ሲገባ ቤታችን በዚያ ጥቁር ፍሬ ይሞላል፤ ሽታው ልብሴ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ፣ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ያድራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ እሱን በሰፌድ ማንፈስ ነው። ገለባውና አብሮት የሚወድቀው ደቃቅ ፍሬ መሬት ላይ ይቀራል። ወፎቹ ያገኙት ያንን ነው። መጀመሪያ አንዲት ድንቢጥ መጣች፤ በማግሥቱ ዘመድ አዝማዷን ይዛ መጣች።

እኛ አገር ወፍ ጠላት ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፍ እያጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እየጮህኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ ወፍ ሳባርር የአንዲቷን ዓይን እንኳ በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ከኑጉ ፍሬ የማይለይ። ትርንጎ ሳቀችብኝ። አስኔ፣ ስትዋጊያቸው ኖረሽ ዛሬ ልትጋብዣቸው ነው ወይ አለችኝ። ከሰፌድ የወደቀውን ብቻ እንድሰጣቸው ፈቀደች፤ ከቁናው ብነካ ግን እኔንም ከወፎቹ ጋር እንደምታባርረኝ አልሸሸገችም።

ወጪቱ ከወለቃ፣ ከቤተ እስራኤሎቹ የሸክላ መንደር ነው። የትርንጎ ደንበኛ የሆነች አንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሲተኮስ ከንፈሩ የተሰነጠቀባትን ወጪት፣ ወጥ አይያዝበት፣ ለወፎችሽ ይሁን ብላ ሰጠችኝ። መሬት ላይ ባስቀምጠው ድመት አደባችበት፤ በጠፍር አስሬ ወይራው ላይ ሰቀልኩት። ቁራ መጥቶ እንዳይዘርፋቸው ጥቂት ጥቂቱን ማድረግ ለመድኩ። ከአጥር የለቀምኩትን የበሰለ በለስ ሰንጥቄ ቅርንጫፍ ላይ ስሰካ ደግሞ ጅራታቸው የረዘመ ሌሎች ወፎች መጡ። በዝርግ ሳህን ውኃ ሳኖርላቸው ግን ሁሉም መጡ፤ እህል የማይወዱት ሳይቀሩ። የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ዳቦዬን እየገመጥኩ፣ ትምህርት ቤት እስኪደወል አያቸው ነበር።

እትዬ የሻረግ በዚያ ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዳ ነበር፤ ትንሿን ሙሉን አዝላ። ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ልጅቱን ያንቀጠቅጣት ጀመር። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ወባ መሆኑን የማያውቅ ጎንደሬ አለ? እሷም ታውቃለች። ግን ሕፃን ይዘሽ ምነው ቆላ ወረድሽ ብሎ የሚወቅሳት ሰው ፈራች መሰለኝ፣ አጥሩን አሻግራ አየችና ሰበብ አገኘች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

ወሬው ቀስ እያለ ደረሰን። ያቺ የገጠር ልጅ በማለዳ ጥቁር እህል ትበትናለች፤ ደዌ ለወፍ ታበላለች፤ ወፏ ደግሞ አጥር ተሻግራ ትጥለዋለች። ወጪቱም የወለቃ ነው፣ የቡዳ እጅ ያረፈበት ነው ተባለ። እንግዲህ ይህን ያሉት ሴቶች ሽሯቸውን የሚያንተከትኩት በምን ነበር? በወለቃ ድስት! ሲበሉበት ድስት፣ ሲያሰኛቸው ቡዳ። ያቺ ሸክላ ሠሪ በኋላ ከወገኖቿ ጋር እስራኤል ገባች። እኛን ብትረሳን አልፈርድባትም።

የታኅሣሥ ማርያም ዕለት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የትርንጎ ነበር። ማኅበሩ ለእሷ ቤተሰብ ማለት ነው፤ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ደጇን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ሽሮውና ስልጆው ቀርቧል። ሁሉም ሊቀምስ እጁን ሲዘረጋ እትዬ የሻረግ የቀረበላትን ገፋችው።

«ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም» አለች፤ በበሩ በኩል ወጪቱን እያየች።

ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። የሻረግን ሰሟት፣ ትርንጎንም ሰሟት፣ ልጅቱን የያዛት የቆላ ንዳድ ነው ብለው በራሳቸው አፍ ፈረዱ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? አላቆሙም። ለሰላም ሲባል ወጪቱ ይሰበር፣ እኔም የእትዬ የሻረግን ጉልበት ስሜ ይቅር በይኝ ልበል አሉ። እምቢ ካልኩ ነገሩ ትክል ድንጋይ ለአባቴ ይላካል፤ ትርንጎም ከማኅበሩ ትወጣለች።

ለሰላም ሲባል! እኛ ዘንድ ለሰላም ሲባል የሚጎነበሰው ሁልጊዜ የተበደለው ነው። በዳዩማ ተኮሳትሮ ከተቀመጠ ማን ይነካዋል? ያጠፋሁት ምን እንደሆነ አንድ ሰው አልነገረኝም፤ ይቅርታውን ግን ሁሉም ጠበቁኝ። አባቴን አሰብኩ፣ ያንን ባለ ከብት ሰውዬ አሰብኩ፣ ደብተሬን አሰብኩ። እንባዬን እየዋጥኩ ጉልበቷን ልስም ተነሳሁ።

ትርንጎ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። ወጣችና ወጪቱን ከወይራው አውርዳ ይዛው ገባች። ወፍ የጫረው ኑግ፣ ገለባው፣ ኩሱ ሁሉ እንዳለ ነው። ከመሃል ቆማ አንድ እፍኝ ዘገነችና አፏ ውስጥ ጨመረችው። አኘከችው። ፍሬው ጥርሷ ሥር ሲደቅ ይሰማ ነበር።

«መተት ከሆነ እኔን ይያዘኝ» አለች ውጣ ስትጨርስ። «አስኔ ይቅር በሉኝ የምትልበት ነገር የላትም።»

ስትናገር ጥርሷ በሙሉ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ የማኅበሩን ጽዋ ከነመሸፈኛ ልብሱ አንስታ በአያ ታከለ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ጽዋችሁን ውሰዱ፤ ልጄን ተዉልኝ።»

ወሰዱት። አያ ታከለ እየተከዙ፣ ሌሎቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተራ በተራ ወጡ፤ ስልጆው ገበታው ላይ ቀረ። ለአባቴ ማንም አልላከበትም፤ አፍረው ይመስለኛል። ሙሉም ጤና ጣቢያ በሰጧት የወባ ክኒን ተሽሏት የገና በዓል ሳይደርስ በግቢው ትሯሯጥ ጀመር። ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ፣ ትርንጎ ተሳስተናል አለ? አላለም! ትርንጎ ማኅበሩን ዳግመኛ አልረገጠችውም። በማርያም ዕለት ዳቦዋን ብቻዋን ጋግራ ለነዳያን ትቆርስ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ስልጆ የምታዘጋጀው ግን አልቀረም፤ ለማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ትርንጎ ስትሞት የሻረግ መጥታ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ያን ዕለት ሐዘኔን ንዴቴ በለጠው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ያን ባለ ከብት ሰውዬ ሌላ አገባችው። ወጪቱን ማንም አልሰበረውም፤ ወይራው ላይ አለ።

እንግዲህ ለሙሉ በገባሁት ቃል መሠረት በማግሥቱ ማዶ ተሻገርኩ። የሚያብረቀርቅ የብረት ሳህን ገዝታ በግቢው መሃል እንጨት ላይ አቁማለች። መሸሸጊያ ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ ፀሐይ በሚያንጸባርቅ ብረት ላይ ምን ወፍ ነው የሚበላ? ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እናቷን አየኋት። ጋቢዋን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ኑግ የያዘ ሳህን አለ። ከሱ እየቆነጠረች መሬት ላይ ትበትናለች። በማለዳ! ጥቁር እህል!

«አስኔ ነሽ?» አለችኝ። «አንዲት ድንቢጥ መጥታልኝ ነበር። ሸጋ ናት።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ረስታዋለች አልኩ በልቤ። ጎንበስ አልኩና ከጭኗ ላይ ኑጉን ዘግኜ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ አኘክሁት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ሙሉ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። አሮጊቷ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ በማይለይ ድምፅ፣

«ትርንጎ ጥርሷ ጠቁሮ ነበር» አለች።

አልረሳችም! ይኼን ሁሉ ዘመን በአንድ አጥር ተዋስነን፣ እሳት ተጫጭረን፣ እንዴት አደርሽ ተባብለን፣ ያንን ጥርስ እያስታወሰች ዝም ብላለች። ብትረሳው ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ነገሩን ከመነሻው ለሙሉ ነገርኳት፤ እናቷ እየሰማች። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ የእሷ ጥፋት ባይሆንም። ሳህኑን በሸክላ እንድትለውጠው፣ ግቢው ዳር ወዳለው የኮሶ ዛፍ እንድታስጠጋው፣ ውኃም እንድታኖር ነግሬያት ለመሄድ ተነሳሁ። ወፎቹ ምን አጠፉ?

ስወጣ የሻረግ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ፣ ይቅር በይኝ አለችኝ። እጇን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩት። አልጨከንኩም፤ ግን ይቅርታው የእኔ አይደለም፣ የትርንጎ ነው። እሷ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተኝታለች። ለእሷ የሚከፈለውን ዕዳ እኔ ተቀብዬ ልፋቀው? ማን ሰጠኝ?

ሰው ንዴት በእርጅና ይበርዳል ይላል። የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግ። ትርንጎ የከፈለችልኝ ነገር እንዳይረሳ የሚጠብቅልኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን ወፎቹ ከሁለቱም ግቢ ይበላሉ። እኔም በየጠዋቱ ወጪቱን ስሞላ ጥቂት ፍሬ አኝክና፣ አፌን ሳልጉመጠመጥ አጥሩ ዘንድ ሄጄ ለእትዬ የሻረግ እንዴት አደርሽ እላታለሁ።