ሣጥኑ ሲደክመው

አቧራ ሲሞቅ የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የመንገዱን አቧራ ማለቴ አይደለም። ለብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ ኮምፒውተር መብራት ሲያገኝ የሚያወጣውን ነው። የተቃጠለ ክር ይመስላል፣ ትንሽ ደግሞ ዝናብ ያልነካው ግድግዳ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የእህቴን አሮጌ ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትሰካው ቤቱን የሞላው ያ ሽታ ነበር። አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። እኔ ግን በዚያች ብልጭታ ሽሮ ሜዳ፣ አባቴ ቤት ደርሼ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እግሩን ከሸማ መሥሪያው ሥር ባለው ጉድጓድ አስገብቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል፤ በአንዲቷ መስኮት የምትገባው ብርሃን ድሩ ላይ ታርፋለች። እኔ ታላቂቱ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማጉን መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ አጠነጥናለሁ፣ ሲያልቅበት አቀብለዋለሁ። አንድ ሰው ክር ማጠንጠን ነበረበትና ትምህርት ቤት የሄደችው ታናሽ እህቴ ናት። ቅር አላለኝም፤ እሷ ፊደሏን ስታጠና እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነች። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ሰጣት። በጋቢ ጠቅልላ በታክሲ ስታመጣው ረዳቱ «እህት፣ የታቀፍሽው ልጅ ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን ነው» ብሏት ተሳፋሪው ሁሉ ስቆ ነበር። እያለቀሰች ነበር የምትስቀው ስትነግረን።

ያን ጊዜ የአባቴ ደረት ታሞ ነበር። ጥለት ደግሞ ቆጠራ ነው፤ አንድ መስመር ከተሳሳተ ይፈታል። ሳሉ ሲነሳበት ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ የሠራውን መልሶ ይፈታል። እረፍ ሲሉት እሺ አይልም። «ቁጭ ብዬ እየዋልኩ ምን ያደክመኛል?» ይል ነበር።

እህቴ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም መጻፍ ተምራ ነበርና ጥለቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው፤ በቀለም በቀለም፣ ከታች ወደ ላይ፣ መስመር በመስመር ይወጣል። አንድ መስመር ሲወጣ «ጢጥ» ይላል።

አባቴ በጎን አየውና «ይሄ ሣጥን ሸማ ይሠራል?» አላት።

«አይሠራም አባባ፤ ይቆጥርልዎታል እንጂ።»

«መቁጠር አቃተኝ ብያለሁ?»

«አላሉም። እሱ ሥራ ፈቶ ነው።»

ሳቀና ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሁለት ድምፅ ነበረው፤ ሣጥኑ ጢጥ ሲል የአባቴ መወርወሪያ ሿ ብሎ ይከተለዋል። ጢጥ... ሿ። ጢጥ... ሿ። አሁንም አንዳንዴ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ይመጣብኛል።

የጥለቱ ቀለም የሚለወጥበት ቦታ ሲደርስ ግን ሣጥኑ ዝም ይላል። አባቴ ይጠብቀዋል። ሲጠብቅ ወገቡን ያቃናል፣ ይስላል፣ ውኃውን ይጎነጫል፣ እኔም አዲስ ቀሰም አቀብለዋለሁ። «ምስኪን፣ ደከመው» ይላል። «አትነካኩት፣ ትንሽ ይረፍ።» እህቴ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን ውጭ ልብስ ስናሰጣ «ለራሱ ብሎ አያርፍም፤ ለሣጥኑ ሲል ግን ያርፋል» አለችኝ። ሳሉ እየረዘመ ሲሄድ የሣጥኑም ዝምታ አብሮ ረዘመ። የእህቴ ሥራ መሆኑን አባቴ ይወቅ አይወቅ እንጃ። ጥለቱ ሳያልቅ አረፈ።

እህቴም ኋላ ተከተለችው። ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ምግብ አመላልስላት ነበር። የእሷም የአባቴም ድምፅ የትም አልተቀዳም፤ ያ ሣጥን ብቻ ነው የቀረኝ። እሱም ሞተ ሲባል... በቃ፣ የልጅ ልጄን «ጠግኚልኝ» አልኳት።

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር መጠገን ነው ሥራዋ። ከፍታ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ያፈሰሱ ጥቃቅን ነገሮች አሳየችኝ። «እማማ፣ ውስጡ አልቋል። አዲስ ዕቃ አስገባለታለሁ። የእህትዎን ፕሮግራም ግን ቤት መቀየሩን እንዳያውቅ አድርጌ ነው የማሰፍረው» አለችኝ። አባቴም የሸማ መሥሪያውን የበሰበሰ እንጨት ሲቀይር ድሩን ሳይበጥስ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ ሣጥኑ ፊት እየተቀመጠች ሰነበተችና አንድ ማታ «ያዳምጡ» አለችኝ። ጥለቱ በአንድ ጩኸት ከታች እስከ ላይ ሮጦ አለቀ።

«አዩት? እንደ ጥይት ሆነ» አለች ደስ ብሏት።

«ሰው አይደርስበትም፤ ቀስ በይው» አልኳት።

አዲሱ ዕቃ ፈጥኖበት ኖሯል። አዘገየችው። ጢጥ... ጢጥ... ሲል እጄ ጉልበቴ ላይ ማጠንጠን ጀመረ። ቀለሙ የሚለወጥበት ሲደርስ ግን ሳይቆም አለፈ።

«እዚህ ጋ ዝም ይል ነበር» አልኳት።

«እሱማ ስታክ እያደረገ፣ እየተያዘ ነበር፤ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ይቆማል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ይብስበታል። ስህተት መስሎኝ አወጣሁት።»

«መልሺው።»

«ለምን እማማ?»

«አባቴ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።»

ዋናውን ቅጂ አስቀምጣው ነበርና ዞር ብላ መለሰችው።

እንደገና ጀመረ። ቀዩ አለቀ፣ ቢጫው ሊገባ ሲል ሣጥኑ ዝም አለ። በውጭ ታክሲ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣ ነበር። የአባቴን ሳል ጠበቅሁ። ልጅቷ ቀስ ብላ «ቆመ እኮ፤ ልንካው?» አለችኝ።

«ተይው፤ ደክሞት ነው።»

የሚጠብቀውን ያህል ጠበቀና ጢጥ አለ። መወርወሪያ ግን አልተከተለውም። ልጅቷ ክንዴን ስትይዘኝ ነው ያወቅሁት፤ ቀሰም ላቀብል እጄን ዘርግቼ ኖሯል።