ካስክ የማትገባዋ

ስሟን እንኳ ያልነገረችኝ ይቺ ሴትዮ ጨጓራዬን ላጠችው! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሪላክሰር የተጎዳ ደረቅ ፀጉሯን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ በቢጎዲን ጠቅልዬ ወደ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስወስዳት፣ "በእናትሽ፣ ሙቀት አይንካኝ፤ ነፋስ ያድርቀው" ትላለች። ከዚያ መስኮቱ ሥር አራት ሰዓት ሙሉ ወንበሬን ይዛ ቁጭ! ደንበኞቼ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እሷ የሻርፗን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

ዛሬስ ብሶብኝ ሄጄ ፀጉሯን ዳሰስኩት። ክው ብሎ ደርቋል። "ተነሺ!" ልላት ስል ስልኳ ጮኸ። የባሏ ቁጣ እኔ ድረስ ተሰማ፦ "እስካሁን አልጨረስሽም? አሁኑኑ ቤት ነይ!"

"ገና እርጥብ ነው" አለችው፣ የሻርፗን ጫፍ እየቋጠረች። ዓይናችን ተጋጨ።

ውሃ መርጫውን አንስቼ ፀጉሯን አራስኩትና ባሏ በስልኩ እንዲሰማ ጮህኩባት፦ "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ፀጉርሽ እስከ ማታም አይደርቅልሽም!"